የባለክሬኑ አውራ ጣት

በመስታወት ፋብሪካው ውስጥ ሰላሳ አንድ ዓመት ያገለገለውን የአየር መሥመር ጠጋኝ አባቱ ባወጣለት ስም የሚጠራው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሰው ሁሉ «ነፋሴ» ይለዋል። ከኮምፕረሰሩ ክፍል ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የመቁረጫ ጠረጴዛ የሚዘልቀው የታመቀ አየር ቧንቧ በየትኛው መጋጠሚያ ላይ እንደሚያፏጭ ዐይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ባልደረቦቹ ሲቀልዱበት፣ «እሱ ቤት እንቅልፍ የለም፤ ሚስቱ ስታንኮራፋ እንኳ ተነሥቶ የሚያፈሰውን ቦታ ይፈልጋል» ይላሉ። እሱም አይቀየምም። ሠርቶ የጨረሰውን እያንዳንዱን ብሎን በቀጭን ብሩሽ ቀይ ነጥብ ያደርግበታል፤ ነጥቡም «ይህን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ እጅ አይድረስበት» የማለት ያህል ነበር። ቀይ ነጥብ ያረፈበትን ነገር የሚጠራጠር ሰው በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም፤ ከሁሉም ይልቅ የማይጠራጠረው ደግሞ ነጥቡን የሚያሳርፈው ራሱ ነው።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ አስጠራችው። ያለ ማኅተም ምስማር እንኳ ስለማትሰጥ «እመት ማኅተም» የሚል ስም ወጥቶላታል።

«ነፋሴ፣ ያንን ሸረሪት ሳትፈታልኝ ብትወጣ የጡረታ ወረቀትህን አላትምልህም» አለችው።

«መፍቻ የያዝሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

«ሌሎቹ ይሰብሩታል እንጂ አይፈቱትም። አንተ የሚረባውን ለይተህ አውጣልኝ፤ የቀረው ለውዳቂ ብረት ይሄዳል።» ይህን ብላ የሰውየውን ፊት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዐውቃለሁ፣ ደስ አይልም። ግን እኮ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ብረት ምን በደለ?»

«ብረትማ ምን ይበድላል» አለ ነፋሴ፤ መፍቻውንም ከኪሱ አውጥቶ ወደ መጋዘኑ ጥግ ሄደ።

ሸረሪቱ ስምንት ክንድ ያለው የብረት ማዕቀፍ ነው፤ በየክንዱ ጫፍ እንደ ኩባያ የጎደጎደ ጎማ ተገጥሞለታል። ክሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ጉልበት የማይችለውን ሰፋፊ መስታወት ያነሣ ነበር። ጎማዎቹ መስታወቱ ላይ ሲያርፉ ፓምፑ በመካከል ያለውን አየር መጥጦ ያወጣዋል፤ መስታወቱም እንደ ተሰፋ ሆኖ ይለጠፋል። ማውረድ ሲያስፈልግ ክሬን ነጂው በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ ላይ ያለችውን አንዲት ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ቫልቭ ይከፈታል፣ የውጭ አየር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጎማዎቹም የያዙትን ይለቃሉ። ቁልፉ ካልተነካ መስታወቱ አይለቅም። እንዲህ ይታመን ነበር።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከምሳ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የሁለት በር ያህል ስፋት ያለው መስታወት ከአየር ላይ ለቀቀ። ከሥሩ ቆሞ ጠርዙን በጓንት እየመራ የነበረው የክሬን ነጂው ታናሽ ወንድም ነበር። የሆነው ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም። ባለክሬኑ መቆጣጠሪያውን እንደ ጨበጠ፣ አውራ ጣቱን ከቁልፏ አጠገብ እንደ ዘረጋ፣ ሰዎች መጥተው ጣቶቹን አንድ በአንድ እስኪያላቅቁለት ድረስ ደርቆ ቀረ።

ባለክሬኑና ነፋሴ የአንድ ደጅ ልጆች ናቸው። ነፋሴ እናቱን በጨቅላነቱ ስላጣ የባለክሬኑ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው ሴት፣ ከልጆቻቸው ሳህን ላይ እየቀነሱ ነበር ያሳደጉት። በመስታወቱ ሥር የቀረውን ታናሽም አዝሎ ያጫወተው እሱ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ነፋሴ ወንድም አጣ ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

«አልነካሁትም» አለ ባለክሬኑ ለአጣሪ ኮሚቴው። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህች ቃል ፍንክች አላለም። ኮሚቴው ሸረሪቱን እንዲፈትሽ ያዘዘው ነፋሴን ነበር፤ የአየርን ነገር ከሱ የተሻለ ማን ያውቃል? ነፋሴ ፓምፑን አስነሥቶ፣ ሌላ መስታወት አስለጥፎ፣ ከግፊት መለኪያው ጌጅ ፊት ቆመ። መርፌው አልተነቃነቀም። ዐሥር ጊዜ ሞከረ፤ ዐሥር ጊዜም ያዘ። የለቀቀው ቁልፏ ስትነካ ብቻ ነው። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ፤ በማግሥቱ ጠዋትም ወዳጁን ከፋብሪካው አጥር ሥር አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ቫልቭ አይዋሽም» አለው። «ሰው ነህ፤ ደክመህ፣ ሐሳብህ ሄዶ፣ ሳታስበው ነክተኸው ይሆናል። ሆን ብለህ አደረግህ የሚልህ የለም።»

«አልነካሁትም እኮ ነው የምልህ።»

«እማማ ፊት ታዲያ ምን ብለህ ልትቆም ነው? "ማሽኑ ነው" ልትላቸው? ማሽኑን እኔ አየሁት። እውነቱን ተናገርና ከሆድህ ይውጣ። ሆድህ ውስጥ ከቀረ ይበላሃል።»

ባለክሬኑ አውራ ጣቱን እንደ ባዕድ ነገር አገላብጦ አየው። «አንተ ካልህማ…» አለ በመጨረሻ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ «በስሕተት ተጭኜዋለሁ» ብሎ ፈረመ። ነፋሴም ወዳጁን ከሐሰት እንዳወጣው ተሰማውና በልቡ ጥቂት ዕረፍት አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ሸረሪቱ አቧራ ለብሶ በጥግ ኖረ። ነፋሴ አሁን አጠገቡ ተንበርክኮ ጎማዎቹን ፈታ፤ የደረቁ ስለ ነበሩ ወደ ውዳቂው ጣላቸው። ፓምፑን አወረደ፤ ያ ይረባል። ከዚያ በማዕቀፉ መሐል ያለችውን የብረት ሣጥን ከፈተ። መልቀቂያው ቫልቭ የሕፃን ጡጫ ያህል ሆኖ ከነኮይሉ፣ ከነሽቦ ጥቅሉ፣ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መጋጠሚያዎች ላይም የደበዘዙ ሁለት ቀይ ነጥቦች አሉ። ትዝ አለው። አደጋው ከመድረሱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የቀድሞው ተቃጥሎ ይህን የለወጠው እሱ ነው። የድሮ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ለነጥቦቹ ፈገግ አለ፤ መፍቻውንም አስጠጋ።

ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ነው ቀስቱን ያየው።

በእንዲህ ዓይነት ቫልቭ አካል ላይ አየሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያመለክት ትንሽ ቀስት በብረቱ ተቀርጾ ይወጣል። ይህ ቀስት ከሸረሪቱ ወደ ውጭ ያመለክት ነበር። ነፋሴ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረው። ጣቱን ቀስቱ ላይ አስሄደ፤ ዐይኑን ያላመነ ሰው እንደሚያደርገው።

ይህን ቫልቭ ከሌሎች ሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። ሌሎቹ ትልልቅ ቫልቮች ለመከፈት የራሱን የአየሩን ግፊት እርዳታ ይሻሉ፤ ግፊት ሲያንስ ይለግማሉ። ይህ ግን ቀጥታ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ኮይሉ ማግኔት ሆኖ በውስጡ ያለውን አጭር ብረት ወደ ላይ ይስበዋል፣ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በላዩ ያለው ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላው፣ ብረቱን መልሶ ቀዳዳው ላይ ያሳርፈዋል። «ይህ ቫልቭ አማላጅ አያውቅም» ይል ነበር ነፋሴ። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ኃይለኛው አየር ሁልጊዜ በብረቱ ራስ በኩል እንዲመጣ። እንዲህ ሲሆን አየሩ ራሱ ከላይ ሆኖ ብረቱን ይጫነውና ሞላውን ያግዘዋል። ቫልቩ ተገልብጦ ከተገጠመ ግን አየሩ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፤ ሞላውም ብቻውን ይታገላል።

ሰው ሁሉ ጎማው መስታወቱን የሚስበው ይመስለዋል። ባዶ ነገር ግን አይስብም፤ ባዶ ነገር ጉልበት የለውም። መስታወቱን በጎማው ላይ አጣብቆ የሚይዘው ከውጭ የሚገፋው፣ ሰው በውስጡ እየኖረ የሚረሳው፣ ይህ ተራ አየር ነው። በሸረሪቱ ላይ ኃይለኛው ወገን አዳራሹ ነበር፣ ደካማው ማሽኑ። ቀስቱ ከአዳራሹ ወደ ማሽኑ ማመልከት ነበረበት። ነፋሴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቢጠይቁት ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይመልሳል። የተሳሳተው እጁ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ግፊት ከማሽን ወደ ውጭ ሲሄድ የለመደ እጅ፣ ቀስቱን እንደ ልማዱ ከማሽን ወደ ውጭ አዙሮ አጠበቀው። ከዚያም ቀይ ነጥብ አሳረፈበት።

ቫልቩን እንደ ነበረ ከነቧንቧው ፈትቶ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ወሰደው፤ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረው። በፓምፑ በኩል አንድ አዲስ ጎማ ገጠመና በተሰበረ መስታወት ላይ አስለጠፈ። ጌጁን አየ፤ ይዟል። ጠበቀ፤ ይዟል። ያኔም እንዲህ ነበር፤ ዐሥር ጊዜ ሞክሮ ዐሥር ጊዜ ያዘ። ያን ጊዜ ግን ክሬኑ ቆሞ ነበር። መስታወት የተሸከመ ክሬን በሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ እንደሚነጥር ነፋሴ ያውቃል፤ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይሰማዋል። የእንጨት መዶሻ አነሣና ሞርሳውን በቀስታ መታው። ምንም የለም። እንደገና መታው። በአራተኛው ላይ ከቫልቩ ውስጥ አንዲት አጭር ፉጨት ወጣች፤ መርፌው ወደቀ፤ መስታወቱም ከጎማው ተላቆ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሞላውም ወዲያው ብረቱን መልሶ ቀዳዳውን ዘጋው፤ ምንም እንዳላደረገ።

ነፋሴ ሙከራውን አልደገመም። በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱ አልረሳም፤ የሚረሳው ነገር መኖሩንም አላወቀም። ወግቶ ሳለ ቁስለኛውን «ራስህን ነው የወጋኸው» ብሎ በፍቅር መክሮ፣ አስፈርሞ፣ አብሮት አለቀሰ።

እንደ ምንም ተነሥቶ መጀመሪያ ያደረገው በአዳራሹ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉትን ሁለቱን አዳዲስ ማንሻዎች ከፍቶ ማየት ነበር። የተገጠሙት በሌላ እጅ ነው፤ የሁለቱም ቀስት ወደ ውስጥ ያመለክታል። ከዚያም ወረቀት ፈልጎ የሆነውን ጻፈ። ሦስት ጊዜ ቀደደና በአራተኛው ላይ «ስሕተቱ የኔ ነው፤ ባለክሬኑ ቁልፉን አልነካም» በሚል ዐረፍተ ነገር ጀመረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ሲሰማ አድጓል፤ ሲጠራ የሚገኘው ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ወዳጁ ቤት ሄደ።

ባለክሬኑ ከአደጋው በኋላ ፋብሪካውን ለቆ የወንበር መቀመጫ በገመድ መሥራት ተምሯል። በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሠራል፤ ገመዱን በአራት ጣቶቹ ይስባል፣ የቀኝ አውራ ጣቱን ግን ወደ መዳፉ አጥፎ ይይዘዋል። መብራት የሚያበራው በጣቱ አንጓ ነው፤ የሰው በር ደወልም እንዲሁ። ልማዱን የሚያውቁ ሰዎች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

በዚህ ቤት ውስጥ ወደ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። እማማ ልጃቸውን አላባረሩም፣ አልረገሙም፤ ቃል ብቻ ነፈጉት። «ያ ሰውዬ ምሳውን ይብላ» ይላሉ ለግድግዳው፤ ሰውየውም ይበላል። አምና እማማ ደጃፉ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በቤቱ ከሱ በቀር ሰው አልነበረም። ከመሬት ሲያነሣቸው አንገቱን አንቀው ያዙና፣ «ልጄ፣ አትልቀቀኝ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላወሩትን ሁሉ ያወራሉ። ነፋሴ ይህን በሰማ ጊዜ በደስታ አልቅሷል።

«ነፋሴ፣ ምነው በሥራ ቀን?» አለ ባለክሬኑ ከገመዱ ቀና ብሎ። «ከነጡረታህ አባረሩህ እንዴ?»

«ሸረሪቱን ፈታሁት።»

የባለክሬኑ እጅ ቆመ። «እና?»

ነፋሴ ቆሞ ነገረው፤ መቀመጥ አልቻለም። ሳያሳምር፣ ሳያለዝብ፣ እንደ ሥራ ሪፖርት ነገረው። ባለክሬኑ እስከ መጨረሻው ሰማና የሠራተኛ ጥያቄ ጠየቀ።

«ቀስቱ ወዴት ነበር?»

«ወደ ውጭ።»

«ወዴት መሆን ነበረበት?»

«ወደ ውስጥ።»

«ዐሥር ጊዜ ሞክሬው ያዘ አላልህም ነበር?»

«ክሬኑን አቁሜ ነው የሞከርሁት። ሳይነጥር። ትናንት ስመታው ለቀቀ።»

«ያጠበቀውስ?»

«እኔ ነኝ። ቀይ ነጥብ አለበት።»

ባለክሬኑ የጀመረውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልታየም፤ ቢታይ ለነፋሴ በቀለለው። የታየው መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ያለ ግራ መጋባት ነው።

«እኔ ግን ትዝ ይለኛል» አለ።

«ምኑ?»

«ስጫነው። ቁልፏ ከጣቴ ሥር ስትሰምጥ። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ጠርዟ ላይ ደግሞ ትንሽ ስብራት አላት። መጀመሪያ አይታወሰኝም ነበር፤ አንተ ከነገርኸኝ በኋላ ቀስ እያለ መጣልኝ። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ስጫናት እኖራለሁ። አሁን አልነካሃትም ትለኛለህ። ይሄ ትዝታ ታዲያ የማን ነው?»

ነፋሴ ዐይኑን ከታጠፈው አውራ ጣት ላይ አላነሣም።

«ሊቁ» አለ ባለክሬኑ፣ በምሬት ፈገግ ብሎ። «ነፋሴ ተብለህ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳታውቅ።»

«በለኝ። ከዚህም የባሰ በለኝ።»

«የባሰውን ካገኘሁት እጠራሃለሁ።»

ከጎረቤት ግቢ ልብስ የሚጨመቅበት ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ነፋሴ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ።

«ጽፌዋለሁ። ነገ ለሥራ አስኪያጁ እሰጣለሁ፤ ስምህ ይጠራል። አሁን ደግሞ ገብቼ ለእማማ እነግራቸዋለሁ። ከኔ አፍ መስማት አለባቸው።»

እርምጃ ሳይጀምር ባለክሬኑ ክንዱን ያዘው። አያያዙ የክሬን ነጂ ነበር፤ ሲይዝ አያወላውልም።

«ቁጭ በል» አለ። ነፋሴ በግማሽ የተሠራው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ምን ብለህ ነው የምትነግራት? ልጅሽ ንጹሕ ነው፤ ዐሥር ዓመት ያለ ጥፋቱ ነው ያኮረፍሽው ልትላት ነው?»

«እውነቱን ነው የምነግራቸው።»

«አዎ። ያኔም እውነቱን ነበር የነገርኸኝ።»

ነፋሴ አቀረቀረ።

«ስማኝ» አለ ባለክሬኑ፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ቤት እንዳይሰማ ዝቅ አደረገው። «እሷ ይቅር ብላኛለች። ይቅር ማለት ምን ያህል እንዳስከፈላት አንተ አታውቅም፤ እኔ ከግድግዳው ማዶ ተኝቼ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ሌላ የቀራት ንብረት የለም፤ ሌት ተቀን የምትዳብሰው እሱን ነው፤ ልጄን ይቅር ብዬ ነው የምሞተው እያለች። አሁን አንተ ገብተህ ይህን ትቀማታለህ። በምትኩ ምን ትሰጣታለህ? በደለኛ የነበርሁት እኔ ነበርሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ትሆናለች። ይቅር በለኝ ብላ ልትለምነኝ ነው፤ በዚያ ወገቧ ከአልጋ ልወርድ ብላ። ሐኪሙ የቀሯት ሳምንታት ናቸው ብሎናል። ዐሥር ዓመት በሳምንታት ውስጥ እንዴት ይለቀሳል?»

«አንተስ?» አለ ነፋሴ። «ስምህስ?»

«ስሜ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። ትንሽ ይጠብቅ።» ወረቀቱን ከነፋሴ እጅ ወስዶ አጠፈና መልሶ በደረት ኪሱ ውስጥ ከተተለት። «እሷ ስታልፍ ለፈለግኸው ስጥ። ለሥራ አስኪያጁም፣ ለሰፈሩም። ያን ጊዜ ምናልባት እኔም አነበው ይሆናል። ዛሬ ግን…» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አፉን በእጁ ጀርባ ሸፈነ።

«ማነው የመጣው?» የሚል ቀጭን ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ነፋሴ ነው፣ እማዬ» አለ ባለክሬኑ። ድምፁ ጤነኛ ሆኖ ወጣ፤ እንዴት እንዳወጣው እሱ ያውቃል።

«ታዲያ ደጅ ላይ ምን ያንሾካሹካችኋል እንደ ኮረዳ? ይግባ እንጂ።»

እማማ በመስኮቱ በኩል በተዘረጋ አልጋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፈዋል። ሰውነታቸው ከብርድ ልብሱ ሥር የለም የሚባል ሆኗል፤ ዐይናቸው ቢደክምም አንደበታቸው አልደከመም።

«ና እዚህ ፊቴ ተቀመጥ፤ ከሩቅ ጥላ ነው የምትመስለኝ» አሉት። «ጡረታ ልትወጣ ነው አሉ። አንተ ከወጣህ ፋብሪካው በምን ሊተነፍስ ነው?»

«ሌላ ሰው አስተምሬያለሁ፣ እማማ።»

«ፊትህ ገርጥቷል። ሚስትህ አታበላህም? እዚህ ትበላ በነበረ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልከሳህም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሁለቱ ወንበዴዎች ጋር እየተሻማህ ነው።» ሁለቱ ወንበዴዎች ልጆቻቸው ነበሩ። ሳቅ ብለው ትንፋሽ አጠራቸው፤ ባለክሬኑ ፈጥኖ ትራሱን ከፍ አደረገላቸው። እማማ እጁን ዳበስ አድርገው ለቀቁት። «አንተ ውሃ አምጣልኝ» አሉት፤ ሲወጣም ወደ ነፋሴ ዘንበል አሉ።

«እሱ ሳይመለስ አንድ ነገር ልንገርህ። ስንት ጊዜ ልነግርህ አስቤ እየረሳሁት። ያን ጊዜ አጥር ሥር አስቀምጠህ የመከርኸውን ነግሮኛል፤ አምና ነው የነገረኝ። ነፋሴ ባይኖር ጥፋቴን አላምንም ነበር አለኝ።»

ነፋሴ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ሸሸገ።

«ዐሥር ዓመት ዘጋሁት። ክፉ ስለሆንሁ እንዳይመስልህ። አቅም አጣሁ። ግን እኮ ማመኑ ነበረ፤ ተጭኜዋለሁ ብሎ መፈረሙ። ሲከፋኝም ሲበርድልኝም እሱን ቃል ይዤ ነበር። አልነካሁትም እንዳለ ቢቀር ኖሮ ምን እሆን ነበር? አላደረግሁም የሚልን ሰው እንዴት አድርገው ይቅር ይሉታል? በየት በኩል ገብተው? አንተ ነህ በሩን የከፈትህልኝ። ልጄን የመለስህልኝ አንተ ነህ።»

«እማማ» አለ ነፋሴ። «እኔ እኮ…»

«አንተ እኮ ምን?»

ባለክሬኑ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አልተናገረም፣ ራሱንም አልነቀነቀም። ነፋሴ አንዴ ወደሱ አየ፤ በወዳጁ ፊት ላይ ያየው ልመናም ትእዛዝም አልነበረም። መስታወት ከላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሠራተኛ ሁሉ የሚይዘው ዝምታ ነው።

«እኔ እኮ ያኔ የተናገርሁት የመሰለኝን ነው» አለ ነፋሴ።

«የመሰለህማ እውነት ሆነ» አሉ እማማ። «ጎንበስ በል እስቲ።»

ጎንበስ አለ። ደረቅና ቀላል መዳፋቸውን ሽበቱ ላይ አሳረፉ፤ ዕድሜውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን በየተራ መረቁ። መጨረሻ ላይ እጁን ፈልገው ከጉልበቶቹ መካከል አወጡና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይህ እጅህም ይባረክ» አሉ። «ስንቱን ሰው ያዳነ እጅ ነው።»

ለምርቃት መልሱ አንድ ነው፤ ሰው ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። «አሜን» አለ ነፋሴ።

ባለክሬኑ እስከ ውጭው በር ሸኘው። ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም፤ ጎዳናው ላይ ሰዎች ከሥራ መመለስ ጀምረዋል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው የሚያልፈውን ሰው አዩ። ነፋሴ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ቃሉን ግን ከየት እንደሚጀምረው አጣው። ለዚህ ነገር የሚሆን ይቅርታ ቢኖርም እንኳ ውስጥ ባለው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ የተሰጠውም ለሌላ ሰው ነው።

«አትጠላኝም?» አለ በመጨረሻ።

«ገና አላወቅሁም» አለ ባለክሬኑ። «ራሴን ስጠላ የኖርሁትን ወደማን እንደማዞረው እስካሁን አላሰብሁበትም። ጊዜ ስጠኝ።» ጥቂት አስቦ ጨመረ፤ «ነገም ና።»

«ነገ?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ስትመርቅህ ፊቷ እንደዚያ የበራው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ብትቀር ለምን ቀረ ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ከዛሬው የበለጠ መዋሸት አልችልበትም።»

«አልችልም» አለ ነፋሴ። «እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ… አልችልም።»

«እኔ ዐሥር ዓመት ችያለሁ» አለ ባለክሬኑ፤ ተመልሶም ወደ ግቢው ገባ።

ነፋሴ በማግሥቱ ከሥራ ሲወጣ እግሮቹ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ዞሩ። ባለክሬኑ ከገመዱ ቀና ሳይል በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተው። እማማ ነቅተው ይጠብቁት ነበር፤ ሌሊቱን ሲያስቡ ትናንት የረሱት ምርቃት እንዳለ ነገሩት፤ ጎንበስ እንዲልላቸውም ጠየቁት።